«ቫልቩ ርካሽ ስለሆነ ነው» የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ ረጋ በሉ

በሃይድሮሊክ የሚሠራ የሮቦት ክንድ ትንሽ ትእዛዝ ሲሰጠው አልንቀሳቀስም አለ ማለት ዕቃው የማይረባ ነው ማለት አይደለም። ይሄን በአፌ ደጋግሜ ተናግሬ ሰሚ ስላጣሁ ዛሬ ልጻፈው።

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። የመመረቂያ ሥራው የሃይድሮሊክ ክንድ ነው። አማካሪው «ፕሮፖርሽናል ቫልቭህ ርካሽ ነው፤ ሰርቮ ቫልቭ ካላገኘህ ርዕስ ቀይር» ብሎታል። በዶላር የሚገዛ ዕቃ! ልጁ ከየት ያምጣ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቫልቩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ስፑል የሚባል ዘንግ አለ። የዘይቱን መተላለፊያ የሚደፍነው የስፑሉ ክፍል ከመተላለፊያው ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሆን ተብሎ! ክንዱ ዕቃ ተሸክሞ ሲቆም ዘይቱ እያመለጠ ቁልቁል እንዳይወርድ ነው። ዋጋው ደግሞ ስፑሉ መሃል አካባቢ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ዘይት አለማለፉ ነው። ዴድ ዞን የሚባለው ይሄ ነው። ታስቦበት የገባን ነገር ብልሽት ትሉታላችሁ?

«ጌይኑን ጨምር» የሚለው ምክር ደግሞ የባሰ ነው። ከዴድ ዞኑ ውጪ ያለው እንቅስቃሴም አብሮ ስለሚጨምር ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ኢንቴግራል ብቻውን ያድነኛል ካላችሁም፣ ክንዱ ቆሞ ሳለ ስህተቱ ሲጠራቀም ይቆይና ቫልቩ ሲከፈት ክንዱ ግቡን አልፎ ይሄዳል። ሊመለስ ሲል ዴድ ዞኑ እንደገና ይይዘዋል። በቃ፣ ግቡ ዙሪያ ሲዋልል ይውላል።

መፍትሔው መለካት ነው። ትእዛዙን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ሲሊንደሩ መንቀሳቀስ የጀመረበትን ቁጥር ጻፉ። በሌላውም አቅጣጫ ድገሙት፤ ሁለቱ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ለምሳሌ በአንዱ በኩል 12 በመቶ፣ በሌላው 15 በመቶ ቢሆን፣ ኮንትሮለሩ 3 በመቶ ሲጠይቅ ፕሮግራሙ እንደ አቅጣጫው 15 ወይም 18 በመቶ ይላክ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ዶላር አይጠይቅም።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ከልክ በላይ ካካካሳችሁ ስፑሉ ዜሮ አካባቢ ወዲህ ወዲያ ይዘላል። ስለዚህ ከለካችሁት ጥቂት ቀንሱ፣ ዜሮ ላይ ያለውንም ሽግግር አለስልሱት። ቫልቩ ሲያረጅ ቁጥሩ ስለሚቀየር ደግማችሁ ለኩ። ይሄን ቁጥር በሥራ ላይ እያለ ራሱ እየገመተ የሚያስተካክል ኮንትሮለርም አለ፤ ጋንግ ታዎና ፔታር ኮኮቶቪች እ.ኤ.አ. በ1994 ጽፈውበታል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዕውቀት ነው፤ ዛሬም «ርዕስ ቀይር» እንላለን!

ሰርቮ ቫልቭ መጥፎ ነው አላልኩም። ፈጣን ነው፣ ዴድ ዞኑም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ግን ጠርዙ በማይክሮን ተለክቶ ስለሚሠራ ውድ ነው፤ ቆሻሻ ዘይትም አይችልም። ሥራው ያንን ፍጥነት ሲጠይቅ ይገዛ። ከዚያ በፊት ግን «ለክተኸዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ቫልቭ እጃችሁ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ዛሬውኑ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩና ቁጥሩን ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። በቁጥር እንከራከር።