የከተማ ጋዜጣ ጉልበቱ ቅርበቱ ነው

የጋዜጣን ተሰሚነት በኅትመቱ ብዛት ብቻ መለካት የተለመደ ነው። የኒውዮርኩ ሳምንታዊ ጋዜጣ «ቪሌጅ ቮይስ» ግን ሌላ መለኪያ እንዳለ ያሳያል። ዳን ዎልፍ፣ ኤድ ፋንቸርና ደራሲው ኖርማን ሜይለር በ1955 እ.ኤ.አ. ሲመሠርቱት የአንድ ሰፈር ጋዜጣ ነበር። በዓመቱ «ኦቢ» የተሰኘውን ሽልማት አቋቁሞ ከብሮድዌይ፣ ማለትም ከከተማዋ ትልልቅ የንግድ ቲያትር ቤቶች፣ ውጪ የሚሠሩ ቲያትሮችን ማክበር ጀመረ። ትልልቆቹ ጋዜጦች እምብዛም ዞር ብለው ያላዩዋቸውን፣ እንደ «ካፌ ቺኖ» ባሉ ጠባብ ቡና ቤቶች የሚታዩ ተውኔቶችን ሐያስያኑ እየገቡ አዩ፤ የደከመውን ነቀፉ፣ የበረታውን አሞገሱ። ጀማሪ ጸሐፌ ተውኔትም በቁም ነገር የሚመዝነው አገኘ።

ይኸው ቅርበት ለዜናውም ጠቀመ። በ1950ዎቹ ሮበርት ሞሰስ የተባለው ኃያል ሹም በዋሽንግተን ስኩዌር መናፈሻ መሐል የመኪና መንገድ ሊያሳልፍ ሲነሳ ጋዜጣው ከነዋሪዎቹ ጎን ቆመ፤ መንገዱም ቀረ። በ1979 ደግሞ ጋዜጠኛው ዌይን ባሬት የወጣቱን ባለሀብት የዶናልድ ትራምፕን የሕንፃ ስምምነቶች መረመረ። የሰፈሩን መድረክ የሚያውቅ ጋዜጣ መድረኩ ያለበትን ቤት ማን እንደገዛው፣ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው መጠየቁ አይቀርም። ኪነ ጥበቡና ምርመራው የተመጋገቡት በዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ጋዜጣ የጥቂቶችን ምርጫ የከተማው ሁሉ ምርጫ ያስመስላል የሚል ወቀሳ አለ። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሐያሲው በስሙ ስለሚጽፍ መልስ የሚሰጠው አያጣም። ዛሬ ሁሉም በስልኩ አስተያየቱን ይጽፋል፣ ጋዜጣው ለምን ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። የአስተያየት እጥረት የለም። የጎደለው ደመወዝ እየተከፈለው የከተማውን መዝገብ የሚያገላብጥና በየሳምንቱ ቲያትር ቤት የሚገባ ሰው ነው። ያንን ደመወዝ በአብዛኛው ይሸፍን የነበረው ማስታወቂያ ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ «ቪሌጅ ቮይስ» ተዳከመ፤ በ2017 የወረቀት ኅትመቱ ቆመ፣ በ2018 ተዘጋ። በ2021 በአዲስ ባለቤት ሥር ቢመለስም የቀድሞ አቅሙ አብሮት አልተመለሰም። ስለዚህ ችግሩ የአንባቢ መጥፋት ብቻ አይደለም፤ የሥራውን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ነው። ከተማን በቅርብ የሚያይ ጋዜጣ የሚሻ ሕዝብ፣ ከማስታወቂያ የቀረውን ወጪ በደንበኝነት ክፍያ ለመሸፈን ፈቃደኛ መሆን አለበት።