ነጥብ መቀነስ ማስተማር አይደለም

በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ አንድ ቀልድ ይሰማል፤ «እናንተማ በነጥብ ድጎማ የገባችሁ ናችሁ» የሚል። ቀልዱን የሚናገሩት ወንድሞቻችን ክፉዎች አይደሉም፤ ነገሩን ከመጨረሻው ጀምረው ስለሚያዩት ነው። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው እንዲያዩት እለምናለሁ።

በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ሲከፈት፣ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1931 ነው። 23 ዓመት ዘግይተን ጀመርን ማለት ነው። ዛሬ በሩ ለሁለቱም ተከፍቷል፤ ዳሩ ግን ከበሩ ወዲያ ያለው አስተማመር አሁንም በወንድ ልጅ ልክ የተሰፋ ነው።

ከታች እንነሣ። የ1ኛ ክፍል አስተማሪ ሲጠይቅ «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» እያሉ ጣት የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ ናቸው፤ አስተማሪውም የተማሪው ብዛት ያስጨንቀዋልና ቀድሞ ለጮኸው ይሰጣል። ሴቷ ልጅ እቤቷ የተመሰገነችው አንገቷን ስለደፋች፣ በታላቅ ፊት ዝም ስላለች ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥም ዝምታዋ «ጨዋ ናት» ተብሎ ይታለፋል፤ «አልገባኝም» ማለትን ሳትለምድ አራት ዓመት ያልፋል። በዚህ ዕድሜ መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ጣት ያወጣውን ብቻ መጥራት ትቶ በስም ዝርዝር በየተራ መጥራት፣ ከጠሩም በኋላ ጥቂት መታገሥ፣ ጠመኔውንም በእጇ ማስያዝ ነው። መጥረጊያውም በየተራ ይሁን፤ ክፍል የሚጠርጉት ሴቶች፣ ደወል የሚደውሉት ወንዶች የሆኑበት ትምህርት ቤት ምን እንደሚያስተምር ለማወቅ መጽሐፉን መግለጥ አያስፈልግም።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ግን ሌላ ነው። እዚህ ሰውነቷ ይለወጣል፤ ትምህርት ቤቱ ውኃና በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ከሌለው በየወሩ ጥቂት ቀን መቅረቷ አይቀርም። ያመለጣት የክፍልፋይ ትምህርት ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የመቶኛ ስሌት አይገባትም። አስተማሪው ለምን እንደቀረች ለመጠየቅ ያፍራል፤ እርሷም ለመናገር ታፍራለች። የሳይንሱ መጽሐፍ ስለ ወር አበባ ከሚናገረው ምዕራፍ ሲደረስ «ይህን ራሳችሁ አንብቡት» ተብለን የታለፍን ስንቶቻችን ነን! በእፍረት ምክንያት ትምህርት የሚዘለል ከሆነ፣ ያን ያህል ቀን የቀረችው ልጅ ብቻዋን ጥፋተኛ ልትሆን አትችልም። የቤት ሥራውም የሚሰጠው ሁሉም ተማሪ እኩል ማታ እንዳለው ተቆጥሮ ነው። ወንድሟ ኳስ ተጫውቶ ሲያጠና፣ እርሷ ውኃ ቀድታ፣ ሊጥ አቡክታ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ ነው ደብተር የምትገልጠው። የቤት ሥራው ግማሽ እንኳ ተማሪው ሳይበተን እዚያው ክፍል ውስጥ ቢሠራ ብዙ ይቀልላት ነበር። በዚህ ዕድሜ ከፊቷ የምትቆም ሴት ማየቷም ትንሽ ነገር አይደለም፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ልጆች ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ዳይሬክተር ሆነው አይተዋቸዋል፤ እኒሁ ወይዘሮ በ1957 እ.ኤ.አ. ለፓርላማ ተመርጠዋል።

በ9ኛ ክፍል ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በገዛ ቋንቋዋ መጠየቅን ያልለመደች ልጅ በባዕድ ቋንቋ ትጠይቃለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ የሚሆነውንም ሁላችን እናውቀዋለን፤ ወንዶቹ ብልቃጡን ይይዛሉ፣ ሴቶቹ «ጽሕፈታችሁ ያምራል» ተብለው ሪፖርት ይጽፋሉ። የጽሕፈት ማማር ኬሚስትሪ አይደለም።

እንግዲህ የነጥቡ ነገር የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ለዓመታት የሴቶች መግቢያ ነጥብ ዝቅ ሲደረግ ቆይቷል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ከሆነ ወዲህም በማካካሻው ትምህርት ቅበላ ለሴቶች ዝቅ ያለ ነጥብ ተቆርጧል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል። እርምጃውን አልቃወምም። ነገር ግን ነጥብ መቀነስ ለ12 ዓመት ዕዳ የመተማመኛ ወረቀት መፈረም ነው እንጂ ዕዳውን መክፈል አይደለም። አንዲት ልጅ ገብታ በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ስትባረር ጉዳቱ በእርሷ አያበቃም፤ ጎረቤቱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ይተርታል፣ አባትም የታናሿን የትምህርት ወጪ ቆም ብሎ ያስባል።

ለቀልደኞቹ አንድ ቁጥር ላስታውስ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ መሰጠት በጀመረው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኘው ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ ሴት ነበረን?

በኮሌጃችን «የሴቶች ቱቶሪያል» የሚባለው ምሽት ላይ ይሰጣል፤ ያው አስተማሪ ያንኑ ሌክቸር ይደግማል። ስሙ ስለሚያሳፍር በጣም የሚያስፈልጋቸው አይመጡም፤ ከመጡም መብራት በሌለው መንገድ ወደ መኝታ ቤት ይመለሳሉ። ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው ለዲኑ እንዲያቀርብ የምለምነው ይህን ነው፤ ቱቶሪያሉ ወንድም ሆነ ሴት በመጀመሪያው ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ላገኘ ሁሉ ይሁን፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሰጥ፤ ሌክቸሩን በመድገም ሳይሆን ተማሪው ያልገባውን በመጠየቅ ይጀመር። ለላቦራቶሪው ግን ዲን አያስፈልግም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስንገባ ወንድሞቻችን ብልቃጡን ያቀብሉን፣ ሪፖርቱን እነርሱ ይጻፉ።