«ፍሬን አለው?» የመጀመሪያ ሮለር ጫማዎን በትልቅነት ሲመርጡ

ልጅዎ በሮለር ጫማ ግቢውን ስትዞር ቆመው እያዩ «እኔስ ብሞክረው?» ብለው ያውቃሉ? እኔ ብያለሁ። ማለቱ ምንም ክፋት የለውም። ጥፋቴ ካልኩ በኋላ የገዛሁት ጫማ ነው።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ቤተሰብ ለመጠየቅ ፍኖተ ሰላም ስንሄድ የ9 ዓመቷ ልጄ ሮለሯን ይዛ ነበር። እኔም ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ከአንድ ልባሽ ሻጭ ለራሴ አንድ ጥንድ ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ ደብቄያለሁ። ነጭ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ድረስ በክር የሚታሰር፣ በቴሌቪዥን በረዶ ላይ የሚደንሱት ሴቶች የሚያደርጉትን የሚመስል። ቁጥሩ 39 ነው። የእኔ እግር 37 ነው። «ወፍራም ካልሲ አደርግበታለሁ» አልኩ።

እህቴ ግቢ ሲሚንቶው ላይ አራት እርምጃ ሄድኩ። አምስተኛው ላይ እግሬ ወደ ፊት፣ እኔ ወደ ኋላ። እጄን ዘርግቼ መሬቱን ለመያዝ ሞከርኩ፤ የቀኝ አንጓዬ ተሰነጠቀ። ራጅ ተነሣሁ፣ ጀሶ ታሰረልኝ፣ አምስት ሳምንት። እናቴ ገና ከበር ስታየኝ «አይ ልጄ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለችኝ። ለበዓሉ ሽንኩርት ከመክተፍ በመትረፌ እህቶቼ እስከ ዛሬ ያሙኛል።

የሚያስቀው እዚህ ላይ ያበቃል። አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ የልጄን ሮለር አልጋ ሥር፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አገኘሁት። «ለምን ደበቅሽው?» ስላት «እማ፣ አንቺ ትልቅ ሆነሽ ከተሰበርሽ እኔስ?» አለችኝ። ያን ቀን ሁለት ነገር ወሰንኩ። ተመልሼ እጀምራለሁ፤ ግን ከጫማው ጀምሮ በሥርዓቱ። የተማርኩትን እነሆ።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

ለጎጃም ገበሬ «በረዶ ጣለ» ማለት ሰብሉ ተመታ ማለት ነው፤ ማንም በላዩ አይንሸራተትም። ለእኛ የሚቀርበው ጎማ ያለው ጫማ ነው። እሱም ከበረዶው ጫማ ጋር ቅርብ ዘመድ ነው። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ይኖር የነበረው ፈልሳፊ ጆን ጆሴፍ መርሊን ጎማ የተገጠመለት ጫማ አድርጎ ቫዮሊን እየተጫወተ ወደ አንድ ግብዣ ገባ ይባላል። መታጠፍም መቆምም ስላልቻለ ትልቅ መስታወት ላይ ተላተመ። ሰውነትን ዘንበል ሲያደርጉ አብሮ የሚታጠፈውን ባለ አራት ጎማ ጫማ አሜሪካዊው ጄምስ ፕሊምፕተን የሠራው በ1863 እ.ኤ.አ. ነው። ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበትን ዓይነት ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ በገበያ ያስፋፉት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ናቸው፤ በረዶ በሌለበት በበጋ ለመለማመድ ሲሉ።

የእኛም ሰው ይህን መንገድ ሄዶበታል። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ላይ በበረዶ ስኪ ሲወዳደር በዚያ መድረክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። አገር ቤት ሲለማመድ በረዶ አልጠበቀም፤ ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ነበር።

እርስዎም ሁለት ምርጫ አለዎት። አንደኛው ሁለት ጎማ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ያለው ነው። ቆመው ሲታዩ ሰፋ ያለ መቆሚያ ይሰጣል፤ ማቆሚያው ጎማ ከጣቶቹ ፊት ነው። ሁለተኛው ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማቆሚያው ከአንዱ ጫማ ተረከዝ በኋላ ይገኛል። ዳንስና መዞር የሚያምርዎ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ወደ ፊት መሄድና ሻካራ መሬት ማለፍ ከፈለጉ ሁለተኛው ይስማማዎታል።

ከጫማው በፊት መሬቱን ይዩ

እኔ ጫማ ገዝቼ መሬት ፈለግሁ። እርስዎ መሬቱን አይተው ጫማ ይግዙ።

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ በአብዛኛው ኮብልስቶን ወይም ቀይ አፈር ነው። ኮብልስቶን ላይ የትኛውም ሮለር አይሄድም፤ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ጎማው በድንጋዮቹ መካከል ይሰካል። ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አስፋልት ለስላሳ ነው፤ ግን የሲኖትራክና የባጃጅ ነው፤ አይሞከርም። የሚቀረው የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ወይም የሰፊ ግቢ ሲሚንቶ ነው። አስፈቅደው ይግቡ። አዲስ አበባ ላሉ አንባብያን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ ልጆች በሮለር የሚፈነጩበት ቀን ነው፤ ለትልቅም ቦታ አለው።

መሬቱ ጎማውን ይመርጣል። ደህና ጎማ ላይ 78 ኤ፣ 82 ኤ፣ 95 ኤ የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጎማው ይጠነክራል። እንደ እኛ ሻካራ ሲሚንቶና አስፋልት ላይ ለሚጀምር ከ78 እስከ 85 ያለው ጥሩ ነው፤ ጠጠሩን ይውጥልዎታል። ከ90 በላይ ያለው ለአዳራሽ ወለል ነው። ምንም ካልተጻፈበት ጥፍርዎን ይጫኑበት። እንደ ባልዲ ፕላስቲክ ድርቅ ያለ ከሆነ ይተዉት፤ የእኔ ነጭ ጫማ ጎማ እንደዚያ ነበር።

እግርዎን ማታ ይለኩ

ለልጅ ጫማ ስንገዛ «ያድግበታል» እያልን ሰፋ ያለውን እናነሣለን። ለልጆች በቁልፍ የሚረዝም ሮለር ስላለ እዚያም ባያስፈልግ ይሻላል። እርስዎ ግን አያድጉም! ሰፊ ሮለር ውስጥ እግር ይዋኛል፤ እግር ሲዋኝ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል።

እግር ቀን ሲቆም ውሎ ስለሚያብጥ ማታ ይለኩ። ወረቀት ግድግዳ ሥር ያንጥፉ፣ ተረከዝዎን ግድግዳው ላይ አስጠግተው ሙሉ ክብደትዎን ይጣሉበት፣ ከረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ ምልክት ያድርጉና በሴንቲሜትር ይለኩ። ሁለቱንም እግር። አብዛኞቻችን አንዱ ይበልጣል፤ የሚበልጠውን ይያዙ። አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ወይም ከቴሌግራም ሱቅ የሚያዝዙ ከሆነ «ቁጥሬ 38 ነው» አይበሉ፤ የአንዱ ፋብሪካ 38 ከሌላው ይለያል። ሴንቲሜትሩን ይላኩ፣ የውስጡን ርዝመት ይጠይቁ።

ሲሞክሩት በሚጠቀሙበት ቀጭን ካልሲ ይሁን። መጀመሪያ ተረከዝዎን ወደ ኋላ መታ መታ አድርገው ያስገቡ፣ ከዚያ ይሰሩ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣትዎ ጫፉን ለስለስ ብሎ ይነካል፤ ጉልበትዎን ሲያጥፉ ትንሽ ይሸሻል። ተረከዝዎ ከሥር ከተነሣ ሰፍቷል። ጣትዎ ከተቀለበሰ ጠቧል። ለ15 ደቂቃ ቤት ውስጥ አድርገው ይቀመጡ። ለመጥበቅ ያህል መጥበቁ ችግር የለውም፤ አንድ ቦታ ላይ ነጥሎ የሚያምም ከሆነ ግን ይመልሱት።

አገላብጠው ይዩት

የቁርጭምጭሚቱን ዙሪያ በሁለት እጅ ጨመቅ ያድርጉት። እንደ ሸራ ጫማ ከተጨማደደ አይደግፍዎትም። ጎማዎቹን የያዘው አካል ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ መሆኑን፣ ብሎኖቹ አለመላላታቸውን ይመልከቱ። እያንዳንዱን ጎማ በጣትዎ ያሽከርክሩ። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ ድምፅ ሳያበዛ ይዞራል፤ ከተንቋቋ አሸዋ ወይም ዝገት አለበት። የቀይ አፈር አገር ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ የዘወትር ሥራ ነው፤ ሲጨርሱ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፣ ውኃ አይንከሩት፣ ዝናብ ከነካው ያድርቁት።

ልባሽ መግዛት ነውር አይደለም። ልባሽ ሲገዙ ግን አንድ ጥያቄ አይርሱ። ጥያቄውን ያስተማሩኝ ቡሬ፣ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ የሜዳ ፈቃድ የጠየቅኋቸው የትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው። አዲሱን ጫማዬን ተቀብለው ዞር አደረጉና «እታለም፣ ይኼ ነገር ፍሬን አለው?» አሉኝ። አለው፤ ተረከዙ ላይ ያለችው ላስቲክ። የቀድሞው ነጭ ጫማ ላይ ግን ማቆሚያው ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ ነበር የቀረው፤ ሳላየው ነው የገዛሁት። ለንደን ላይ መስታወት የሰበረውም ይህ ነው።

ገንዘቡ ካልበቃ ከጫማው ይቀንሱ

ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል። ስለዚህ በሮለር ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አንጓ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት የአንጓ መከላከያ ያላደረጉ ተንሸራታቾች አንጓቸውን የመጎዳት ዕድላቸው ካደረጉት በ10 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሄልሜት፣ የአንጓ መከላከያ፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ፤ እነዚህ ከጫማው ጋር አብረው የሚገዙ ናቸው። በጀትዎ አጭር ከሆነ ርካሽ ግን ልክዎ የሆነ ጫማ ይግዙ እንጂ መከላከያውን አይተዉ። የአጥንት መሳሳት፣ የሚያዞር ሕመም ወይም የቆየ የጉልበት ችግር ካለብዎ ከመግዛትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሣር ላይ

ሁለተኛውን ጅምሬን ያደረግሁት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ ማንኩሳ አካባቢ፣ ከመንገዱ ገባ ያለ መስክ ላይ ነው። ሣር ላይ ጎማ አይሽከረከርም፤ ስለዚህ ሚዛን ለመማር ከሱ የተሻለ የለም። ጉልበትዎን ያጥፉ፣ ተረከዝዎን ገጥመው ጣቶችዎን ወደ ውጭ ይክፈቱ፣ እንደ ዳክዬ ትንንሽ እርምጃ ይሂዱ። ከዚያ መውደቅን ይለማመዱ። ሚዛንዎ ሲጠፋ ዝቅ ይበሉ፣ ወደ ፊት በጉልበት መከላከያው ላይ ይውረዱ፣ ክንድዎን አያደርቁ። እኔ ሆን ብዬ አሥር ጊዜ ወደቅሁ። እረኞች ከብቶቻቸውን ትተው መጥተው ሣቁብኝ። ስድስተኛው ላይ አንዱ ልጅ መቁጠር ጀመረ፤ አሥረኛው ላይ አጨበጨቡ።

ልጄ መኪና ውስጥ ሆና ታይ ነበር። በአሥረኛው ወርዳ መጣች። «አሁን እጅሽን አያምሽም?» አለችኝ። መከላከያውን አሳየኋት። በጣቷ ጠንካራውን ፕላስቲክ መታ መታ አደረገችው።

ቡሬ ሜዳው ላይ እኔ ግድግዳ ይዤ ግማሽ ዙር፣ እሷ ሦስት ዙር ሄደች። ዘበኛው ፍሬኔን እስክጠቀም ጠብቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዛሬም በደንብ አልችልም። መቆም ግን እችላለሁ፤ ለጀማሪ ከመሄድ የሚቀድመው እሱ ነው።

እንግዲህ ከእራት በኋላ አንድ ወረቀትና እርሳስ ያምጡ፤ የቤተሰቡን እግር ሁሉ ይለኩ። የእርስዎንም ጨምረው።