ከተማው ሲቃጠል የተሞሸሩት

ባለፈው ሳምንት ከዚሁ ከኛው ከቃሊቲ አንዲት እህታችን ደብዳቤ ጻፈችልኝ። እጮኛዋ ሰርጉን ሦስት ጊዜ አራዝሞባታል። መጀመሪያ «የቤት ኪራዩ ነገር ይስተካከል» አለ። ቀጥሎ «በሬውም ድንኳኑም ተወደደ» አለ። አሁን ደግሞ «አገሩ ይረጋጋ» ብሏል። «አንተ ታሪክ ታነባለህ አይደል? እስቲ አገር የሚረጋጋው መቼ እንደሆነ ንገረኝ» ትላለች።

ታሪክ አነባለሁ ሲባል እንግዲህ... አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ለገሐር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ልጆች የጦርነት ታሪክ እየገዛሁ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የማነበው። ቢሆንም ለዚች ልጅ የሚሆን አንድ ሰርግ አውቃለሁ።

ቀኑ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በፊት ጃንሆይን የያዘው ባቡር በዚሁ በአቃቂ በኩል ወደ ጅቡቲ ወርዷል። ጣሊያን ገና አልገባም። አዲስ አበባ ባለቤት አጥታ ትዘረፋለች፣ ትቃጠላለች፣ ጥይቱ እንደ ሽንብራ ቆሎ ይንጣጣል። የውጭ አገር ሰዎች ወደ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ሸሽተው ከሺህ በላይ ሰው ግቢው ውስጥ ሰፍሯል። የሚጠብቋቸው ከሕንድ የመጡ የሲክ ወታደሮች ናቸው። በዚያ ግርግር መሃል፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ የለንደኑ «ታይምስ» ወኪል ጆርጅ ስቲር ማርጋሪታ የምትባል የፓሪስ ጋዜጣ ወኪል አገባ። በማግስቱ ሚያዝያ 27 የጣሊያን ጦር ከተማ ገባ።

እናንተዬ! ሰው እንዲህም ይረጋጋል? «የእንግሊዝ ደም ቀዝቃዛ ነው» እንዳትሉኝ፤ ስቲር የተወለደው ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ሙሽሪትም በአባቷ ስፔናዊት ናት። ደግሞም አጥርና ዘብ ላለው ሰው መረጋጋት ብዙ አይከብድም፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ያገሬ ሰው ነው ጉዱ የፈላው። ግን አጥሩን ትቶ የወጣም ነበር። ጆን ሜሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ሚያዝያ 25 ቁስለኛ ሊያነሳ መንገድ ላይ እንዳለ በጥይት ተመታ። የሞተው ሚያዝያ 27፣ ጣሊያን በገባበት ቀን ነው።

ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። ስልክ ስለተቆረጠ የአሜሪካ ሌጋሲዮን እዚሁ ከተማ ውስጥ ላለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን «ድረሱልን» የሚልበት አጣ። ታዲያ በሬዲዮ ለዋሽንግተን ነገረ፣ ዋሽንግተን ለለንደን ነገረች፣ ለንደን ደግሞ መልሳ ለአዲስ አበባ! መልእክቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለመሻገር ዓለምን ዞረ። እኔ ኔትወርክ ሲጠፋ ከሳሪስ ጓደኛዬ ጋር የምንጠፋፋው ነገር ምንም አይደለም።

ወደ ሙሽሮቹ ልመለስ። ማርጋሪታ በጥር 1929 ለንደን ውስጥ በወሊድ ሞተች። ከሰርጋቸው ቀን ጀምሮ ቁጠሩት፤ ዘጠኝ ወር እንኳን አልሞላም። ይህንን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ወጣሁና አሮጌው ሐዲድ አካባቢ ዝም ብዬ ስዞር አመሸሁ።

«አገሩ ይረጋጋ» ብለው ቢሆንስ? አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያው ቀን ደግሞ ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ጄኔራል ከኒንግሃም «ይቆዩ» እያለ ስላዘገያቸው ዋና ከተማቸው የገቡት ሚያዝያ 27 ነው፤ ጣሊያን ከገባ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን! ቀኑ ተመርጦ ነው ወይስ ግጥምጥሞሽ? እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለበት። ብቻ ስቲርና ማርጋሪታ ያንን ቀን ቢጠብቁ ኖሮ ሰርግ የሚባል ነገር አልነበረም።

ስቲር ራሱ በዚያ ዘመቻ ከጃንሆይ ወገን ነበር። በአማርኛ በራሪ ወረቀት እያዘጋጀ ለጣሊያን ያደሩትን ያገሬውን ወታደሮች «ወደ ንጉሣችሁ ኑ» ይል ነበር። ያን ጊዜ ሌላ ትዳር ይዟል። ሚስቱ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ያ በእሳት መሃል የተሞሸረበት ግቢ ባለቤት፣ የእንግሊዙ ሚኒስትር የሰር ሲድኒ ባርተን ልጅ! ለልጃቸው ክርስትና አባት የሆኑት ደግሞ በስደት እንግሊዝ አገር የነበሩት ጃንሆይ ናቸው። ስቲርም ብዙ አልቆየ፤ በ1937 ዓ.ም. በፈረንጆች ገና ዕለት ከሕንድ ወገን በመኪና አደጋ ሞተ።

እንግዲህ እህቴ፣ እኔ «ሰው ስላገባ ያግባ» የምል ሰው አይደለሁም። የኪራዩ ጉዳይ እውነት ነው፣ የበሬውም ዋጋ እውነት ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን እጮኛሽን አንድ ነገር ጠይቂው። በሬው ይቅር፣ ድንኳኑ ይቅር፣ ሚዜም ይቅር። ምስክሮቻችንን ይዘን በመጪው ወር ወረዳ ሄደን እንፈርም፣ እማዬ ቤት ምሳ እንብላ በይው። እሺ ካለ፣ የፈራው ወጪውን ነበርና አትቀየሚው። ይህንንም «አገሩ ይረጋጋ» ካለ ግን ያልተረጋጋው እሱ ነውና ቁርጡን ጠይቂው፤ ሽማግሌዎቹን አስጠርተሽም ቢሆን።

ያለሽን ጻፊልኝ። የደብዳቤሽን ሁለተኛ ገጽ እንዳልሽው አላወጣሁትም።