ነጥብ የሚፈራ ሪፖርት

የማስተማር ልምምድ ወጥተን የተመለስን ሁሉ የትምህርት ዕቅዳችን ግርጌ ያለችውን «የመምህሩ አስተያየት» የምትል ቦታ እናውቃታለን። ምን ጻፍንባት? «ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ ተካሂዷል።» ግማሹ ክፍል እያንቀላፋ፣ እኛም ጠመኔ ይዘን ግራ ገብቶን! ነጥብ የሚሰጠን ሰው ያነባታላ። ከእኛ ቀጥሎ እዚያው ክፍል የሚገባው ጓደኛችንም ያንኑ ስሕተት እንደ አዲስ ይሠራዋል።

የዕርዳታና የልማት ድርጅቶችም በዚሁ በሽታ ይታማሉ። የእነሱ ግን ነጥብ አያስቀንስም፤ ሰው ይገድላል።

የአገራችንን እንይ። ከወሎው ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጥቂት ቆይቶም ዝናቡን፣ ሰብሉንና የገበያውን ዋጋ እየተከታተለ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ክፍል ተደራጀ። እስከዚህ ድረስ መልካም ትምህርት ነው። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. አደጋው መቃረቡን ለለጋሾች አስታወቀ። መንግሥት ግን በመስከረም 1977 ዓ.ም. 10ኛውን የአብዮት በዓል በማክበር ተጠምዶ ነበር። የለጋሾቹም እጅ በሰፊው የተፈታው በጥቅምት ወር የኮረም ሰቆቃ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ወረቀትማ ነበር። ያወቀው ሌላ፣ የሚወስነው ሌላ ሆነ እንጂ። አንድ ድርጅት ተማረ የምንለው አሠራሩን ሲለውጥ ነው። በየዓመቱ «ድረሱልን» ከማለት ይልቅ ችግረኛነታቸው አስቀድሞ ለታወቀ ቤተሰቦች እህል ወይም ገንዘብ በዕቅድ የሚሰጠው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከ77ቱ ረሃብ ሃያ ዓመት! በሃያ ዓመት እኮ ሕፃን ተወልዶ እንደኛ እጩ መምህር ይሆናል።

ሌላም አለ። ከውጭ የመጣው ባለሙያ ውሉ ሲያልቅ ያወቀውን ይዞ ይሄዳል። የሚቀሩት ሾፌሩና አስተርጓሚው ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ማን ይጠይቃል?

የካናዳው «ድንበር የለሽ መሐንዲሶች» እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት የከሸፉበትን ሥራዎች በሠራተኞቹ ብዕር አሳትሟል። እኛን የገረመን ድፍረቱ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ የሚሰጠው ሰው እንደሚያነበው እያወቀ ማድረጉ ነው።

አሠልጣኞቻችን ሆይ፣ ያቺን የአስተያየት ቦታ ነጥብ አትስጡባት። እኛም የምራችንን እንጽፍባታለን። የእኛ ቡድን ያበላሸውን አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከዚህ ጽሑፍ በታች ለጥፈናል፤ ከጎኑ ለሌሎች ቡድኖች ቦታ ትተናል።