ውኃ ለሚያጠራቅም ጣሪያ ግብሩ ይቀነስ



አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚቀዳው ነው። ሆኖም ከጉድጓዶቹ አጠገብ የምንኖር ሰዎች ጀሪካን ደርድረን ፈረቃ እንጠብቃለን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጣሪያችን የሚወርደው ዝናብ የመንገዱን ቆሻሻ ጠርጎ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚያርፍ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። በከተማችን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ በዓመት 80,000 ሊትር ያህል ያወርዳል። ሮቶው ሁሉንም ባይዝ፣ የያዘው ለልብስ ማጠቢያ፣ ለመጸዳጃና ለጓሮ አትክልት ይሆናል።

ታዲያ መንግሥት ምን አደረገ? በ1996 በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ ወገኖቻችን መጠለያ ማግኘታቸውን አንክድም። ነገር ግን በገላንና በቱሉ ዲምቱ የተዘረጉት ሰፋፊ ጣሪያዎች ዝናቡን ወደ ቦይ ከመጣል ያለፈ ሥራ አልተሰጣቸውም። በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የቦታ ጨረታ አሸናፊ የተለየው በዋናነት ባቀረበው ዋጋ ነው። በ2015 የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲጨመርም ውኃ የሚያጠራቅመውም የማያጠራቅመውም በአንድ ሚዛን ተመዘኑ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 49 ደግሞ የአዲስ አበባን ሕዝብ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ያጎናጽፋል። ስለሆነም የጎደለው ሕግ ሳይሆን ፈቃደኝነት ነው።

ፓርቲያችን ሲመረጥ፦

1. የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያና ወደ ወንዝ የማይፈስ ፍሳሽ ማስወገጃ ላለው አዲስ ቤት የጣሪያና ግድግዳ ግብሩን ለ5 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤
2. በዚህ መንገድ ለሚሠሩ የቤት ማኅበራት የግንባታ ፈቃድ ያለ አገልግሎት ክፍያ በ15 ቀን እንዲሰጥ ያደርጋል፤
3. ነባር ቤት ላላቸው የሮቶና የአሸንዳ መግዣ ብድር አመቻችቶ፣ ከወርኃዊ የውኃ ሒሳብ ጋር ጥቂት በጥቂት እንዲከፈል ያደርጋል።

ሠሪውን በአንድ ዓይነት ዕቃ አናስገድድም። የአቃቂ ዋልካ አፈር ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ መሠረት እንደሚያናጋ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ መሥፈርቱ ውጤቱ ብቻ ይሆናል፤ ይህንንም የወረዳው መሐንዲስ በቦታው ተገኝቶ፣ በግልጽ ቅጽ ያረጋግጣል። ቅናሹ በትውውቅ የሚታደል ከሆነ ግን ሌላ የሙስና በር ይሆናልና፣ የተጠቃሚዎች ዝርዝር በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

«የከተማው ገቢ ይጎድላል» የሚሉን አሉ። አዎን፣ ለ5 ዓመት የተወሰነ ገቢ ይቀንሳል። ነገር ግን ጉድጓድ መቆፈር፣ ውኃ በፓምፕ መግፋትና በጎርፍ የተበላ መንገድ መጠገንም ከዚያው ካዝና ይከፈላል። ከስድስተኛው ዓመት ጀምሮ ግብሩ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ሮቶው ግን ከቤቱ ጋር ይቆያል።

የከተማዋን ጥም የሚያረካ አካባቢ ራሱ ሊጠማ አይገባውም። ድምፅዎን ሲሰጡ ይህንን ያስቡ!