«ተጠርጣሪ» የምትለዋ ቃል

ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም ማታ ገና ልጅ ነበርኩ። ሐርቡ፣ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጅሃዳዊ ሐረካት» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሲያሳይ አየን። ሐምሌ 2004 የታሰሩት የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት እስር ላይ ሳሉ የሰጡት ቃል ቀረበ። የቤቱ እመቤት ክርስቲያን ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ቡና ሳይጠጡ አይውሉም። በማግስቱ ቡናው ላይ «የናንተዎቹ እውነት እንዲህ ናቸው እንዴ?» አሏት። «የናንተዎቹ» ሲሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

ክሱ ገና ፍርድ ቤት እየታየ ነበር። ፊልሙ እንዳይተላለፍ የፍርድ ቤት እግድ ወጥቶ ነበር፤ ተላለፈ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። ፍርዱ የመጣው ሐምሌ 2007 ነው፤ ከ7 እስከ 22 ዓመት። 22 የተፈረደባቸው አቡበከር አሕመድ በኋላ ተፈቱ። የታሰሩበት የጸረ ሽብር አዋጅ 652/2001 እንኳ በ2012 ተሽሯል። የእናቴን ቡና ግን የሻረው፣ ያስተካከለው ሰው የለም።

ስጋት አልነበረም እያልኩ አይደለም። ሼህ ኑሩ ይማም በዚያው 2005 ደሴ ላይ ተገድለዋል፤ ገዳይ መፈለግ የፖሊስ ሥራ ነው። የጋዜጠኛ ሥራ ግን ፖሊስ ያለውን መድገም ብቻ ነው እንዴ?

እኛስ? ባለፈው ሴሚስተር የፖሊስ መግለጫ ተሰጥቶን ዜና ስንጽፍ፣ እኔ ራሴ «አሸባሪዎቹ ተያዙ» ብዬ ጀመርኩ። «የተጠረጠሩ» የምትለዋን የጨመርኩት መምህሩ በቀይ ካሰመሩበት በኋላ ነው።